የጠረን ወጥመድ በማንጎ አገር፦ የፍራፍሬ ዝንብ ማጥመጃ ታሪክና የአሶሳ ጓሮዎች

የፍራፍሬ ዝንብን በኬሚካል ጠረን ስቦ የማጥመድ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሕንድ የምርምር ጣቢያ ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች፣ ወደ አሜሪካ የብርቱካን እርሻዎች፣ በመጨረሻም ወደ አፍሪካ የማንጎ አገሮች ተሻግሯል። በሄደበት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ውጤት አላስገኘም። በደሴት ላይ ተባዩን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋው ኬሚካል፣ በሰፊ አህጉር ላይ የዝንቡን ቁጥር ከማሳነስ ወይም መኖሩን ከማሳወቅ ብዙም አላለፈም። የልዩነቱ ምክንያት በአመዛኙ ከኬሚካሉ ሳይሆን ከመሬቱ አቀማመጥ፣ ከእርሻው አደረጃጀትና ከዛፎቹ ባለቤትነት የሚመነጭ በመሆኑ፣ የዘዴው ታሪክ በቅጡ የሚገባው ከአንድ የተወሰነ የማንጎ አገር ታሪክ ጋር ተዛምዶ ሲታይ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘው የአሶሳ አካባቢ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማንጎ በብዛት ይበቅልበታል፣ ዛፎቹ በትልልቅ እርሻዎች ሳይሆን በየሰዉ ጓሮ ተበትነው ይገኛሉ፣ ከሱዳን ጋር የሚያዋስነውም ድንበር ለበራሪ ነፍሳት ክፍት ነው።

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በአካባቢዋ ዝናብ በአንድ ረጅም ወቅት ጥሎ ካባራ በኋላ ለብዙ ወራት ደረቅ በጋ ይከተላል። ይህ የአየር ጠባይ ለማንጎ የተስማማ ይሁን እንጂ ማንጎ የአፍሪካ አገር በቀል ዛፍ አይደለም። መነሻው ከሕንድ እስከ በርማ የሚዘረጋው ምድር ሲሆን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ አማካይነት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ቀድሞ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1331 ሞቃዲሾን የጎበኘው የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ለእንግዳ ከሚቀርበው ማዕድ ጋር የማንጎ ፍሬ መቅረቡን ጽፏል። ቤኒ ሻንጉል በኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ የገነነው ግን በፍሬው ሳይሆን በወርቁ ነው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ባካሄዱት ዘመቻ አካባቢው በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፣ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት የወርቅ ግብር ሲያስገቡ ኖረዋል። ወርቅ ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ፣ ባሕርይው የማይበላሽ በመሆኑ የሳምንታትን የበቅሎ መንገድ ይችላል። ማንጎ አይችልም። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚበቅል፣ በአንድ ሰሞን ተጠራቅሞ የሚበስልና በጥቂት ቀናት የሚለሰልስ ፍሬ ከሩቅ ገበያ ጋር ለመተዋወቅ ብዙ ስለሚዘገይ፣ በበርታ ሕዝብ መንደሮችም ሆነ በከተማዋ ዙሪያ የጥላ፣ የልጆች መብልና የጉልት ሽያጭ ሀብት ሆኖ መቆየቱ የሚያስገርም አይደለም።

የአሶሳን ዙሪያ ገጽታ ከለወጡት ሁነቶች ዋነኛው የደርግ ዘመን ሰፈራ ነው። በ1971 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የአሶሳ የሰፈራ ፕሮግራም፣ ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ደግሞ በብዙ እጥፍ በሰፋው ዘመቻ፣ በአብዛኛው ከወሎ የተነሡ ገበሬዎች በአካባቢው እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የተመሠረቱት መንደሮች ዛሬም አምባ 14፣ መገሌ 32 በመሳሰሉ ቁጥር አዘል ስሞች ይጠራሉ። ከጤፍና ከገብስ አገር የመጣው ሰፋሪ ማሽላውንና በቆሎውን ከሚያመርትበት ማሳ ጎን፣ በቤቱ ዙሪያ ማንጎ መትከልን ከአዲሱ አገር ተማረ። የተተከለውም በአብዛኛው ከፍሬው የበቀለ እንጂ በዘመናዊ መንገድ የተዳቀለ አልነበረም፤ ከፍሬ የበቀለ ማንጎ ደግሞ ዘግይቶ የሚያፈራ፣ ከአሥር ሜትር በላይ የሚመዘዝና ቅርንጫፉ የሚንሰራፋ ዛፍ ይሆናል። ይህ የዛፍ ቁመት ተራ የእጽዋት ነገር ቢመስልም ለተባይ መከላከል ታሪክ ወሳኝ ነው፤ በጀርባ በሚታዘል የመርጫ መሣሪያ ጫፉ የማይደረስበት ዛፍ ላይ ጸረ ተባይ መርጨት ስለማይቻል፣ ዝንቡን ዛፉ ድረስ ሄዶ ከማሳደድ ይልቅ ወደ አንድ ነጥብ ጠርቶ መያዝ የተሻለ ምርጫ ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ አካባቢው የቀርከሃ ቀፎ የሚሰቀልበት የንብ አናቢዎች አገር በመሆኑ፣ በየዛፉ የሚረጭ መርዝ ማሩንም ይዞ ይጠፋል፤ በማጥመጃ ውስጥ የሚቀመጥ ማማለያ ግን ንቦችን በአብዛኛው አይነካም።

እዚህ ላይ ስለ ዝንቡ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የፍራፍሬ ዝንብ የሚለው ስም በበሰበሰ ሙዝ ላይ ለሚርመሰመሱት ደቃቅ ዝንቦችም ስለሚሰጥ ነገሩ ይደባለቃል፤ የእርሻ ባለሙያዎች የሚያሳስባቸው ግን ቴፍሪቲዴ በሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡትና ገና ዛፉ ላይ ያለውን ጤነኛ ፍሬ የሚያጠቁት ናቸው። ሴቴዋ ዝንብ በጅራቷ በኩል ባለው መርፌ መሳይ የዕንቁላል መጣያ የፍሬውን ልጣጭ በስታ ዕንቁላሏን ከሥሩ ታኖራለች። የተፈለፈሉት ትሎች ሥጋውን እየበሉ ያድጋሉ፣ ፍሬው ያለ ጊዜው ይረግፋል፣ ትሉም ከወደቀው ፍሬ ወጥቶ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ወደ ሙሽሬነት ከተለወጠ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። ይህ ሁሉ እንደ ሙቀቱ መጠን በጥቂት ሳምንታት ይፈጸማል። ከውጭ ሲታይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ያላት ማንጎ ሲቆረጥ በትል የተሞላ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትሉ በልጣጭና በሥጋ ተከልሎ ስለሚኖር ዛፍ ላይ የሚረጭ መርዝ አይደርስበትም። የቀረው ዕድል ዝንቡን ክንፍ ካወጣ በኋላ መያዝ ነው፤ የማማለያው ታሪክም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፍራንክ ሚልበርን ሃውሌት በሕንድ ቢሃር ግዛት፣ ፑሳ በሚገኘው የግብርና ምርምር ተቋም ያገለግል የነበረ እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ትንኝን ለማራቅ የሚቀቡት የሲትሮኔላ ዘይት ሁለት ዓይነት የፍራፍሬ ዝንቦችን በብዛት እንደሚስብና የሚመጡት ደግሞ ወንዴዎቹ ብቻ እንደሆኑ ገለጸ። ሲትሮኔላ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ የሆነ ጠረን አይደለም፤ የሚጨመቀው በየደጁ የሚተከለው የጠጅ ሳር የቅርብ ዘመድ ከሆነ ሣር ነው። ሃውሌት በዚያ አላቆመም፤ ዘይቱ የብዙ ኬሚካሎች ቅልቅል መሆኑን ስለሚያውቅ አንዱን ከአንዱ እየለየ ሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ሜቲል ዩጂኖል የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ሜቲል ዩጂኖል በበሶብላና በገውዝ ዘይት ውስጥ በተለያየ መጠን የሚገኝ፣ ቅመማዊ ጠረን ያለው ፈሳሽ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከታወቁት የዝንብ ማማለያዎች ሁሉ እጅግ ብርቱው ነው። ይሁንና ግኝቱ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙ ሥራ ሳይሠራበት ቆየ። የሃውሌት ጥያቄ የነፍሳት የማሽተት ችሎታ እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምር የሳይንስ ጥያቄ እንጂ የእርሻ ትእዛዝ አልነበረም፤ በዘመኑ የሕንድ መንግሥትም ለጥጥና ለስንዴ እንጂ ለጓሮ ማንጎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

በሌላ አቅጣጫ ነገሩን የገፋው ከአፍሪካ የወጣ ዝንብ ነው። የሜዲትራንያን የፍራፍሬ ዝንብ ተብሎ የሚታወቀው ሴራቲቲስ ካፒታታ የትውልድ አገሩ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ቢሆንም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሜዲትራንያን ዳርቻና ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ሃዋይ፣ በ1929 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ተገኘ። በምዕራብ አውስትራሊያ ላምባ የተጨመረበት ሳህን በአትክልት ቦታ ሲቀመጥ ዝንቡን እንደሚስብ ታወቀ፤ ሃዋይ ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ግን በላምባው የሚያዙት ሁሉም ማለት ይቻላል ወንዴዎች በመሆናቸው፣ ዕንቁላል ጣይዋ ሴቴ ሥራዋን ትቀጥላለች። ይህ የወንዴና የሴቴ ጉዳይ የዘዴውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳድድ ችግር ነው። ዝንቡ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ፍሎሪዳ በተመለሰ ጊዜ ከአንጀሊካ ተክል ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ለማማለያነት ዋለ፤ ዘመቻው የዓለምን የዘይቱን ክምችት ጨርሶ ስላሟጠጠ ኬሚስቶች በሰው ሠራሽ ምትክ ላይ ለመሥራት ተገደዱ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም ትራይሜድሉር የተባለው ኬሚካል ተገኘ። በዚያው ሰሞን የሐብሐብና የዱባ ዝንብን የሚስበው ኩሉር ተጨመረ፤ ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ ቀደም ብለው በ1930ዎቹ ተርፒኒል አሴቴት በአገራቸው ዝንቦች ላይ እንደሚሠራ ደርሰውበት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱን የዝንብ ወገን ብቻ ይጠራል፤ ለአንዱ የተሰቀለውን ማጥመጃ ሌላው አልፎት ይሄዳል።

ሜቲል ዩጂኖል ከመደርደሪያ የወረደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የምሥራቃዊው ዓለም የፍራፍሬ ዝንብ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ፣ ሃዋይ ገብቶ የደሴቶቹን ፍራፍሬ ማውደም በጀመረ ጊዜ ነው። ሎረን ስታይነር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ዝንብ ነፋስ ሲመቸው ከ800 ሜትር ርቀት ጀምሮ ወደ ሜቲል ዩጂኖል እንደሚመጣ አሳየ። ከዚያም ወንዴዎቹን የማጥፋት ዘዴ የሚባለው ሐሳብ ተወለደ፤ ማማለያው ከመርዝ ጋር ተቀላቅሎ ወንዴዎቹ በጅምላ ካለቁ ሴቴዎቹ የሚያጠቃቸው ያጣሉ፣ ያልተዳቀለ ዕንቁላል ደግሞ አይፈለፈልም። ስታይነርና ባልደረቦቹ ይህን የሞከሩት በማሪያና ደሴቶች ውስጥ በምትገኘው በ85 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማዋ ሮታ ላይ ነው። ከተጨመቀ የሸንኮራ ገለባ የተሠሩ ትንንሽ ቁራጮች 97 በመቶ ሜቲል ዩጂኖልና 3 በመቶ ናሌድ የተባለ መርዝ ባለው ቅልቅል ተነክረው በየጊዜው ከአውሮፕላን ተበተኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ውጤትም ዝንቡ ከደሴቷ ፈጽሞ መጥፋቱን አበሰረ። ጃፓን ይኸንኑ መንገድ ተከትላ ከአማሚ እስከ ያኤያማ ባሉት ደቡባዊ ደሴቶቿ ላይ ለዓመታት በቆየ ዘመቻ ዝንቡን አጠፋች፤ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እነዚህ ድሎች በመማሪያ መጻሕፍት ሲጠቀሱ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፦ ደሴት ማለት ዝንብ ተመልሶ የማይገባበት በባሕር የታጠረ እርሻ ነው፤ አውሮፕላኑም የማንንም ጓሮ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሁሉንም በአንድ ቀን ይሸፍናል።

ወንዴው ለዚህ ጠረን ይህን ያህል የሚሸነፍበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሪትሱኦ ኒሺዳና ኬንግ ሆንግ ታን ያካሄዷቸው ጥናቶች ወንዴው ሜቲል ዩጂኖልን ከአበባ ላይ እየላሰ በሰውነቱ ውስጥ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚለውጠው፣ ይህንንም በፊንጢጣው እጢ አከማችቶ ሴቴን ለመጥራት እንደሚጠቀምበት አረጋገጡ። ነፍሳት ለአንድ ወገን አባላት መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል ፌሮሞን ይባላል፤ ሜቲል ዩጂኖል ራሱ ፌሮሞን ሳይሆን የፌሮሞን ጥሬ ዕቃ በመሆኑ ፓራፌሮሞን የሚል ስም ተሰጥቶታል። ኬሚካሉን የላሰ ወንዴ ካልላሰው ይልቅ በሴቴ ዘንድ ይመረጣል። ማጥመጃው እንግዲህ የሚሠራው በረሃብ ላይ ሳይሆን በጋብቻ ላይ ነው፤ ሴቴዋ ወደ እሱ የማትመጣውም ለዚህ ነው። እሷን ለመሳብ የግድ ሌላ ዓይነት ማባበያ ያስፈልጋል፤ ዕንቁላል ለማብሰል ፕሮቲን ስለምትሻ እርሾ ወይም የተብላላ ፕሮቲን በውሃ ተበጥብጦ ይቀርብላታል። ይህኛው ማባበያ ሴቴንም ወንዴንም፣ ብዙ ዓይነት ዝንብንም ይይዛል፤ ጉልበቱ ግን ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም።

ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ወደ አፍሪካ መድረሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ አዲስ ዝርያ መስሎ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2005 ወራሪነቱን የሚያመለክት ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ የሚል ስም ወጣለት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ከእስያው ዝንብ ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጦ ስሙ ተሰረዘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሱዳንንና ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ተሰራጨ። አፍሪካ ቀድሞም የራሷ የማንጎ ዝንቦች ነበሯት፤ ዋናው ሴራቲቲስ ኮሲራ ሲሆን፣ በኬንያ ቆላ አካባቢዎች የተደረገው ክትትል እንዳሳየው አዲሱ መጤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነባሩን ከማንጎው ላይ ገፍቶ ቦታውን ያዘ። የውጭ ገበያዎች በሩን መዝጋት ሲጀምሩ መንግሥታት ማጥመጃ መፈለግ ጀመሩ፤ ናይሮቢ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1970 በቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔም ዘዴውን ለአፍሪካ አነስተኛ ገበሬ የማስማማቱን ሥራ መራ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜናዊ ድንበሯ የገባውን ዝንብ በሜቲል ዩጂኖል አጥፍታ ነበር፤ በ2013 ግን በሊምፖፖ ሰሜናዊ ክፍል ሥር መስደዱን ለማመን ተገደደች። ከድንበሩ ማዶ ዝንቡ ሞልቶ እያለ ከወዲህ ያለውን ማጥፋት ምን ያህል እንደሚቆይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ ግን በጠረን የሚሠራ ወጥመድ ከማንጎው ዝንብ በፊት የታወቀ ነገር ነው። የዓባይንና የዴዴሳን ሸለቆዎች ተከትሎ የሚኖረው የቆላ ዝንብ ለከብት ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ በክልሉ የእርሻ በሬ ታሪክ ከዚህ ዝንብ ታሪክ ተለይቶ አይታይም፤ በተለይ ከደጋ በሬ ለምዶ የመጣው ሰፋሪ ትልቁ ጠላቱ ገንዲ ነበር። በቡኖ በደሌ ያለው ብሔራዊ የቆላ ዝንብና የገንዲ ምርመራና ቁጥጥር ማዕከል እንዲሁም የአሶሳው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለቅኝት በየወንዙ ዳር የሚተክሏቸው ሰማያዊና ጥቁር የጨርቅ ወጥመዶች አሴቶን፣ ኦክቴኖልና የላም ሽንት ተደርጎባቸው ነው የሚቆሙት። የዚህ ማማለያ ሐሳብ የተወለደው በዚምባብዌ ሲሆን፣ ግሊን ቬልና ባልደረቦቹ ከበሬ ትንፋሽ ውስጥ የትኛው ጠረን ዝንቡን እንደሚመራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነጥለው አውጥተዋል። በሁለቱ ወጥመዶች መካከል ያለው ልዩነት ግን መሠረታዊ ነው። የቆላ ዝንብ ወንዴውም ሴቴውም ደም መጣጭ በመሆናቸው የበሬ ጠረን ሁለቱንም ይስባል፤ ከዚያም በላይ ሴቴዋ በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ጥቂት ግልገሎችን ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ትንሽ እጅ ሴቴዎችን መያዝ እንኳ ዘሩን ያመናምነዋል። የማንጎዋ ዝንብ በመቶዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች፣ አንድ ወንዴም ብዙ ሴቴዎችን ያጠቃል። ስለዚህ ከመቶ ዘጠና ወንዴዎች ቢያዙ የቀሩት አሥሩ ሥራውን ይሸፍኑታል፤ ዘዴው ፍሬ የሚሰጠው ወንዴዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሲያልቁ ብቻ ነው። የቆላ ዝንብ ወጥመድን ያየ ገበሬ የማንጎውን ማጥመጃ በዚያው ሚዛን ቢመዝነው አይፈረድበትም፤ ሚዛኑ ግን አይሠራም።

በአሶሳ ጓሮ የዘዴው ዕጣ የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነው። መሣሪያው ራሱ ርካሽ ነው፤ ሃይላንድ እየተባለ የሚጠራው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑ ተበስቶ፣ በማማለያና በጸረ ተባይ የተነከረ የጥጥ ጉዝጓዝ ወይም የእንጨት ቁራጭ ተንጠልጥሎበት ከቅርንጫፍ ይሰቀላል። አስቸጋሪው ጎረቤቱ ነው። ጠረኑ 800 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ በአንድ ግቢ የተሰቀለ ጠርሙስ የመንደሩን ወንዴዎች ሁሉ ይጠራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሬሳ ይሞላል፣ ባለቤቱም ይደሰታል፤ ከማዶ ግቢ ተጠቅተው የመጡት ሴቴዎች ግን በደስታው መካከል ዕንቁላላቸውን በእሱው ማንጎ ላይ ይጥላሉ። ማጥመጃው ዝንብ ያመጣብናል የሚለው ሥጋት ከዚህ ሳይመነጭ አይቀርም፤ የሚመጡት ወንዴዎች ፍሬ የማይነኩ በመሆናቸው ሥጋቱ ትክክል ባይሆንም፣ ብቻውን የሰቀለ ሰው ትርፉ ትንሽ ነው የሚለው ፍርድ ግን ትክክል ነው። ሮታ ላይ አውሮፕላን የሠራውን ሥራ እዚህ ሊሠራ የሚችለው የቀበሌ ስምምነት ነው፤ መንደሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ሰቅሎ፣ ማማለያው ሲዳከም በአንድ ሳምንት መቀየር ይኖርበታል። ከዚህም ጋር የረገፈውን ፍሬ ሁሉ በየቀኑ ለቅሞ ግማሽ ሜትር በሚሆን ጥልቀት መቅበር ወይም በጥቁር ፕላስቲክ አስሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል፤ ዋጋው በወደቀበት ሰሞን ከዛፍ ሥር የሚበሰብሰው ማንጎ ከማንኛውም ማጥመጃ የበለጠ ዝንብ ያፈራልና። የኅብረት ሥራው ደግሞ ለአሶሳ ባህል እንግዳ አይደለም፤ ደቦ የሚጠራ አገር ለአጨዳ የሚያደርገውን ለፍሬ ለቀማ የማያደርግበት ምክንያት አይታይም። የጎደለው ማማለያውን በወቅቱ የሚያደርስ መስመር ነው፤ ኬሚካሉ ከውጭ የሚመጣና በጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ሕግ የሚያልፍ በመሆኑ በየወረዳው ሱቅ እንደ ማዳበሪያ አይገኝም።

ማማለያ የማይገዛቸው ተባዮችም አሉ። በዱባና በሐብሐብ ላይ የሚኖረውና በውጭው ዓለም የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ ተብሎ የሚጠራው ዳከስ ሲሊያተስ ለሜቲል ዩጂኖልም ሆነ ለኩሉር አይመጣም፤ ስለዚህ በማጥመጃ ውስጥ አለመገኘቱ አለመኖሩን አያሳይም። በማንጎው ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ከዚያ ወደ አሶሳ የተሻገረው ነጭ ቅርፊት ተባይ የገበሬውን ዓይን ከዝንቡ ወስዷል። ይህ ተባይ ቅጠልና ፍሬ ላይ ተለጥፎ የሚመጥ፣ ቅጠሉን በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍን በመሆኑ ጉዳቱ በሩቅ ይታያል፤ የዝንቡ ጉዳት ግን እስኪቆረጥ ድረስ የተሰወረ ነው። ዓይን የሚያየውን ተባይ መዋጋትና የማይታየውን ማቆየት የተለመደ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዘዴ እከላከላለሁ ብሎ ጠርሙስ የሰቀለ ሰው ግን በነጩ ተባይ ላይ ምንም አላደረገም።

ማጥመጃው ለአሶሳ አስተማማኝ አገልግሎት የሚሰጠው እንግዲህ በመግደል ሳይሆን በመቁጠር ነው። በየሳምንቱ ከተወሰኑ ቦታዎች ተሰብስቦ የሚቆጠር ወንዴ ዝንብ፣ ቁጥሩ ከዝናቡ መግባትና ከፍሬው መብሰል ጋር እንዴት እንደሚወጣ ያሳያል፤ የፕሮቲን ማባበያ መቼ ጠብ መደረግ እንዳለበት፣ ፍሬው ከትሉ በፊት መቼ ቢለቀም እንደሚሻል የሚወሰነውም ከዚህ ነው። በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከልና በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ መኖራቸው ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ የተመቸ መነሻ ነው። ቆጠራው በተለይ ከድንበሩ ወገን ይፈለጋል። ሃውሌት እ.ኤ.አ. በ1912 ከገለጻቸው ሁለት ዝንቦች አንዱ የሆነው ባክትሮሴራ ዞናታ ከእስያ ወጥቶ ግብፅ ውስጥ ሥር ከሰደደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሱዳን ውስጥም ተመዝግቧል። ይህም ዝንብ ለሜቲል ዩጂኖል ስለሚመጣ፣ በኩርሙክና በሸርቆሌ በኩል ለሌላው የተሰቀለ ጠርሙስ እሱንም ይይዘዋል። ሁለቱ የሚለዩት በክንፋቸው ነው፤ በዶርሳሊስ ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ጥቁር መስመር ሲኖር፣ በዞናታ ላይ ግን መስመሩ ተቋርጦ ጫፉ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ብቻ ትቀራለች። ስለዚህ ጠርሙሱን የሚያራግፈው የልማት ሠራተኛ ከመቁጠሩ በፊት እያንዳንዱን ክንፍ በአጉሊ መነጽር ማየት ይጠበቅበታል።